ቤቱ ቀድሞ፣ መጓጓዣው ዘግይቶ፦ የአዲስ አበባ እድገትና የትራንስፖርት ዕቅድ ቅንጅት ሲዳሰስ

የአንድ ከተማ አስተዳደር ነዋሪዎች የት እንደሚሰፍሩ፣ የት እንደሚሠሩና የት እንደሚገበያዩ ሲወስን በየዕለቱ ስንት ሰው ከየት ወዴት እንደሚጓዝም አብሮ ወስኗል፤ መንገድ ሲቀድ ወይም ሐዲድ ሲዘረጋ ደግሞ የትኛው መሬት እንደሚወደድ፣ የትኛው ሰፈር እንደሚደምቅና የትኛው ወደ ጎን እንደሚተው ይወስናል። በከተማ ጥናት ይህ ግንኙነት የመሬት አጠቃቀምና የትራንስፖርት መስተጋብር ይባላል። አሜሪካዊው ዋልተር ሀንሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት ተደራሽነት የከተማን አሰፋፈር እንደሚቀርጽ ካሳየ ወዲህ መስተጋብሩ መኖሩ በባለሙያዎች ዘንድ እምብዛም አያከራክርም። አከራካሪው ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድነት ለመወሰን ምን ዓይነት ተቋም፣ ምን ዓይነት ሕግና ምን ዓይነት የሥራ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል የሚለው ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በፍጥነት እያደገች ባለችው በአዲስ አበባ ላይ ይመለከታል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሁለት ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። እንቅስቃሴ የሚባለው ሰው ወይም ዕቃ ምን ያህል ርቀት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጓዝ የሚለካበት ሲሆን፣ ተደራሽነት ደግሞ ሰው የሚፈልገውን ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም ሐኪም ቤት በሚችለው ጊዜና በሚችለው ዋጋ ማግኘት መቻሉ ነው። በአምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ጤና ጣቢያ የሚያገኝ ሰው እንቅስቃሴው ትንሽ ቢሆንም ተደራሽነቱ ሙሉ ነው፤ በሰፊ አስፋልት ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሥራው የሚደርስ ሰው ግን ብዙ ተንቀሳቅሶ ጥቂት ያገኘ ነው። ዘላቂ ትራንስፖርት የሚለው ስያሜም ብዙ ጊዜ የጭስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ቢወሰድም፣ የከተማውን አየር ሳይበክል፣ የድሃውን ኪስ ሳያራቁት፣ የእግረኛውን ሕይወት ለአደጋ ሳይዳርግና የሚቀጥለውን ትውልድ በማይከፈል ዕዳ ሳያስር ተደራሽነትን የሚሰጥ ሥርዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተለካው እንቅስቃሴ ነው፤ የተሠራ መንገድ በኪሎ ሜትር፣ የተገዛ አውቶቡስ በቁጥር ይነገራል፣ በከተማዋ ዳርቻ የሚገኘው የየካ አባዶ አንድ ነዋሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት የሥራ ቦታ ሊደርስ እንደሚችል ግን በመደበኛ ሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር የተሰባሰበችው በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱ ግቢዎችና በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነበር። እያንዳንዱ መኮንን በተሰጠው ኮረብታ ላይ ከወታደሩ፣ ከአገልጋዩና ከባለ እጁ ጋር ሰፈረ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች የዚያ ዘመን አሻራዎች ናቸው። ከዚህ አሰፋፈር የተወረሰው ትልቁ ነገር ሀብታምና ድሃ፣ መኖሪያና ንግድ በአንድ ሰፈር ተጎራብተው መኖራቸው ነው፤ የዛሬ ባለሙያዎች ቅይጥ አገልግሎት ብለው የሚመክሩት አሰፋፈር በዚህች ከተማ ያለ ዐዋጅ ነበረ። ባቡሩ በ1917 ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር የከተማዋ አዲስ የስበት ማዕከል ሆነ፤ መጋዘኑ፣ ሆቴሉና የንግድ ቤቱ ወደዚያ አዘነበሉ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሽቅብ የሚወጣው ጎዳናም የከተማዋ ዋና ዘንግ ለመሆን በቃ። ጣልያኖች በወረራው ዓመታት የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲያዛውሩት ዓላማቸው ዘርን ከዘር መለየት ነበር፤ ውጤቱ ግን እስካሁን የከተማዋን የታክሲና የአውቶቡስ መስመሮች እየሳበ ያለ ማዕከል ሆነ። በ1940ዎቹ የተመሠረተው አንበሳ አውቶቡስም መስመሮቹን የዘረጋው እነዚህን ነባር ማዕከሎች ተከትሎ ነው። ከዚያ በኋላ የከተማ ነዳፊው የፓትሪክ አበርክሮምቢ የ1956 ፕላን፣ የኢትዮጵያና የጣልያን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ማስተር ፕላን፣ የ2002ቱ ክለሳና ከ2017 እስከ 2027 የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ተከታትለው መጥተዋል። ሁሉም መንገድና መሬትን በአንድ ካርታ ላይ ስለው ነበር፤ ካርታው ወደ በጀትና ወደ ግንባታ ሲለወጥ ግን አንዱ ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፈለ።

የዚህ መከፋፈል ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተካሄዱት ሁለት ትልልቅ ሥራዎች፣ ማለትም የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ቀላል ባቡር ናቸው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ዓላማው የተከበረ ነበር፤ በተጎሳቆሉ የቀበሌ ቤቶች ይኖር ለነበረ ሕዝብ በአቅሙ የሚገዛው ቤት መስጠት። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች በከተማው ውስጥ በሚገኙ ክፍት ቦታዎች ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ ግን፣ ሰፊና ካሳው ቀላል የሆነ መሬት የሚገኘው በዳርቻ ስለነበር ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በየተራ በሕንፃ ተሞሉ። ለቤት አልሚው መሥሪያ ቤት የቦታ ምርጫው መለኪያ የመሬቱ ዋጋና የግንባታው ፍጥነት ነበር፤ ነዋሪው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የሚከፍለው የጉዞ ወጪ በቤቱ ዋጋ ውስጥ አልተሰላም። የቤቱ ዋጋ ረክሶ የጉዞው ሲወደድ የቁጠባው ትርጉም ይቀንሳል፤ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቤታቸውን አከራይተው እነሱ ራሳቸው ለሥራቸው ቅርብ በሆነ ሰፈር በኪራይ መኖራቸውም በጥናቶች በተደጋጋሚ የታየ ሐቅ ነው።

ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ መርካቶ ለሚውል የቀን ሠራተኛ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ከሕንፃው እስከ ፌርማታው የሚሄድበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ፌርማታው ላይ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ አውቶቡስ ከመጣ ጥግ ድረስ ታጭቆ ይሄዳል፣ ካልመጣ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሮ መሀል ላይ ይወርድና ሌላ ይይዛል። መስመሩ በወያላው ጥሪ አጥሮ ሲቆራረጥ ደግሞ አንዱን መንገድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ማታም ያንኑ ይደግማል፤ የመሸበት ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ይህ ሰው ከቤቱ ያገኘው ንጹሕ ክፍል፣ የራሱ መጸዳጃና የራሱ ቁልፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር ከቤቱ ጋር አብሮ አልተሰጠውም።

በሌላ በኩል በመስከረም 2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት፣ ከአያት ጦር ኃይሎችና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘረጉ ሁለት መስመሮችን የያዘ ሥራ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ አብዛኛው፣ 85 በመቶው፣ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው። በከተማዋ ታሪክ ለብዙኃን ትራንስፖርት ብቻ የተለየ ጥርጊያ ሲሰጥ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበረ፤ ታሪፉም በርቀት ልክ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ሆኖ በመጀመሩ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሊሳፈርበት ችሏል። ሁለቱ መስመሮች ግን ከአያት አካባቢ በቀር ትልልቆቹን የኮንዶሚኒየም መንደሮች አልደረሱም፤ መንደሮቹም መስመሮቹን ተከትለው አልተሠሩም። በአንድ ከተማ፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ፣ ሕዝብ የሚያሰፍረው እጅና ሕዝብ የሚያጓጉዘው እጅ ተለያይተው ሠሩ። ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚከብደው ጥፋት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ሥራዎች የቢሊዮኖች ወጪ የጠየቁ፣ ሁለቱም በበጎ ዓላማ የተጀመሩና ቢገናኙ ኖሮ አንዱ ሌላውን ሊያድን የሚችል ነበሩ። በርካታ ነዋሪ በጣቢያው አጠገብ ቢሰፍር ባቡሩ ተሳፋሪ አያጣም ነበር፤ ባቡሩ በአጠገቡ ቢያልፍ ነዋሪው ቤቱን አከራይቶ አይሰደድም ነበር።

ባቡሩ ከገጠመው የመለዋወጫና የጥገና ችግር የተነሣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ለዓመታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ቆይተዋል፤ የቲኬት ገቢውም ወጪውን አልሸፈነም። ከዚህ ያላነሰ ጉዳት ያለው ሌላ ነገር ግን በጣቢያው ዙሪያ ይታያል። ሐዲዱ በአብዛኛው በሰፊ ጎዳና መሀል በአጥር ታጥሮ ስለሚያልፍ ቀድሞ በደቂቃ ይሻገሩ የነበሩ ጎረቤት ሰፈሮች ተቆራርጠዋል፤ ተሳፋሪው ወደ ጣቢያው ለመድረስ አስቀድሞ ፈጣን የመኪና መስመር መሻገር፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ከፍ ብሎ በተሠራ ክፍል ደግሞ ረጅም ደረጃ መውጣት ይኖርበታል። ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ይህ የተዘጋ በር ነው። ከጣቢያው ወርዶ አውቶቡስ ለመያዝም በቂ መጋቢ መስመር፣ ማለትም ከየመንደሩ ሰው እየሰበሰበ ወደ ዋናው መስመር የሚያደርስ አገልግሎት፣ አልተዘጋጀለትም። ተመሳሳይ ነገር በአገር አቀፉ ባቡርም ደርሷል፤ የቀድሞው ባቡር መንገደኛውን ከተማው መሀል ለገሃር ሲያወርደው፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ግን በዳርቻ ላይ ለቡ ያደርሰውና ቀሪውን መንገድ ለራሱ ይተውለታል።

አብዛኛው የአዲስ አበባ ጉዞ ግን በባቡርም በመኪናም አይደለም። ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 ላለው ጊዜ ያወጣችው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንደሚያመለክተው ከጠቅላላው ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በብዙኃን ትራንስፖርት፣ 15 በመቶው ብቻ በግል መኪና የሚደረግ ነው። ይህ አኃዝ በጀትን ለሚመድብ ሰው ብዙ ሊነግረው ይገባል፤ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የሠራችው ለ15 በመቶው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የቀለበት መንገድ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ሰዎች ከቤታቸው ወደ ገበያቸው፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚሻገሩበትን ቦታ በፈጣን መንገድ ቆርጦ፣ ማቋረጫውን በየርቀቱ በተተከሉ ድልድዮች ወሰነው። ድልድዩ ሲርቅ ሰው አጥር ይዘላል፤ በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ከዚህ ዓይነቱ አሠራር ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። እግረኛውን ሥርዓት አልባ አድርጎ መውቀስ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሰው በእግሩ አጭሩን መንገድ መምረጡ በየትኛውም ከተማ የታወቀ ነው፣ ያንን ማወቅና ማሰናዳት ያለበት ነዳፊው ነው። መንገድ ማስፋት ደግሞ መጨናነቅን ለዘለቄታው አያቃልልም፤ ሰፊው መንገድ ቀድሞ መኪና ያላወጣውን ሰው እንዲያወጣ፣ ቀድሞ ርቆ ያልሠራውን አልሚም ርቆ እንዲሠራ ስለሚጋብዝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰልፉ ይመለሳል፤ ባለሙያዎች ይህን በመንገድ የተቀሰቀሰ ፍላጎት ይሉታል።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ቦታ በቂ አድናቆት ያላገኘ ነው። ዕቅድ ባልደረሰበት ቦታ ሁሉ እየደረሰ፣ ያለ ድጎማ፣ አዲስ ሰፈር ሲፈጠር ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ ችግሩ ሲሞላ ብቻ መነሣቱ፣ ትርፍ መጫኑና ሰዓት አለመጠበቁ ነው። ሚኒባሱን በትልልቅ አውቶቡሶች ብቻ መተካትም ቀላል አይደለም፤ በዳሬ ሰላም በ2016 አገልግሎት የጀመረውና ለአውቶቡስ ብቻ በተለየ መስመር የሚሄደው ፈጣን የአውቶቡስ ሥርዓት ብዙ ሕዝብ ማጓጓዝ ቢችልም በአውቶቡስ እጥረት ምክንያት በመጨናነቅ ተወቅሷል፤ ስለዚህ ትናንሽ መጓጓዣዎችን ከማስወገድ ይልቅ በመጋቢነት ማደራጀት ለአዲስ አበባ የሚያዋጣ መንገድ ነው።

ከሌሎች ከተሞች ተሞክሮ ለአዲስ አበባ በእውነት የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የብራዚሏ ኩሪቲባ ነው። ይህች ከተማ በ1966 ባወጣችው ማስተር ፕላን የምታድግባቸውን ጥቂት ዘንጎች ለየች፤ በ1974 በዘንጎቹ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር መዘርጋት ጀመረች፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም በእነዚሁ ዘንጎች ግራና ቀኝ ብቻ እንዲሠሩና ከዘንጉ በተራቁ ቁጥር ዝቅ እያሉ እንዲሄዱ በግንባታ ደንቧ አሰረች። ለሐዲድ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት የመረጠችው አውቶቡስ ነው፤ ውጤቱን ያስገኘው ግን አውቶቡሱ ብቻውን ሳይሆን የሕንፃ ፈቃዱና የአውቶቡስ መስመሩ በአንድ ፕላን መታሰራቸው ነው። ሁለተኛው ሆንግ ኮንግ ነው። በዚያ መሬት የመንግሥት ሲሆን ለተጠቃሚው በሊዝ ይሰጣል፤ በ1979 አገልግሎት ለጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅት በጣቢያዎቹ ላይና አጠገብ የማልማት መብት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ባለው የመሬት ዋጋ ይሰጠዋል፤ ባቡሩ ከደረሰ በኋላ የመሬቱ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ለሐዲዱ ወጪ ይውላል። በመንግሥት ሥራ ምክንያት የጨመረን የመሬት ዋጋ ለሕዝብ መልሶ መጠቀም ማለት ይህ ነው።

ኢትዮጵያም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የሆነባት፣ ከ1993 ጀምሮም የሊዝ ሕግ ያላት አገር ናት። ብዙ የዓለም ከተሞች በግል ባለመሬቶች ተይዘው ሊያደርጉት ያልቻሉትን ነገር ለማድረግ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሕጋዊ መሣሪያው በእጁ ነበረ፤ አሁንም በእጁ ነው። ሆኖም ሊዝ በአብዛኛው የሚታየው እንደ ገቢ ምንጭ ነው፤ ከጣቢያ አጠገብ የሚገኝ ቦታ ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ሰው ይሰጣል፣ ቦታው ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ስንት መኪና ማቆሚያ እንደሚሠራ፣ ከመሬት ጋር ያለው ወለል ለእግረኛ ክፍት ይሁን ይዘጋ የሚለው ግን ሁለተኛ ደረጃ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አስተያየትም እዚህ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ የትራንስፖርትን ዕጣ በብዛት የሚወስነው ከትራንስፖርት ቢሮ ይልቅ መሬት የሚተላለፍበት ክፍል ነው። የትኛው መሬት ለማን፣ መቼና በምን ግዴታ እንደሚሰጥ በሚወሰንበት ዕለት የትራንስፖርት ባለሙያው ካልተገኘ፣ በኋላ የሚገዛው አውቶቡስ ሁሉ የተሠራውን ስሕተት ለማባበል የሚገዛ ነው።

ችግሩ በከተማው ወሰን ብቻ አያበቃም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድነት ለማልማት የታሰበው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2014 ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ በ2016 መጀመሪያ ላይ ተሰርዟል፤ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣም በ2019 ተመሳሳይ ውዝግብ አስነሥቷል። አርሶ አደሩ ከመሬቱ የሚነሣበት ካሳ አነስተኛና ስለ ነገው ሕይወቱ ዋስትና የሌለው በሆነበት ሁኔታ የዳርቻ መሬትን ርካሽ አድርጎ መቁጠር ራሱ የተሳሳተ ስሌት ነበረ። የዕለት ተጓዡ ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፤ ከዙሪያው ከተሞች ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች ቢያንስ በመስመር፣ በታሪፍና በተርሚናል ጉዳይ የሚወስን አንድ የጋራ አካል ካላቋቋሙ በወሰኑ ላይ የሚቆም አውቶቡስና በወሰኑ ላይ የሚያልቅ አስፋልት ይቀጥላሉ።

ከ2024 ጀምሮ በከተማዋ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ለዚህ ጥያቄ አዲስ ገጽታ ሰጥቶታል። በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ የብስክሌት መስመሮች፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታዎች ተሠርተዋል፤ ለዘመናት በተሰባበረ ድንጋይና በክፍት ቦይ መካከል ይራመድ ለነበረ እግረኛ ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፣ እውቅናም ይገባዋል። ነገር ግን ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ሰፈሮች የተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ዳርቻ ተዛውረዋል፤ በእግሩ ሥራ ይደርስ የነበረ ሰው አሁን ታክሲ የሚያስፈልገው ሆኗል፣ ለእግረኛ የተሠራው ውብ መንገድም እግረኛው በሌለበት ቦታ ቀርቷል። መዋቅራዊ ፕላኑ ከከተማው መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል፤ በዚያ 40 በመቶ ውስጥ መሀል ከተማ ላይ ማን እንደሚኖር ግን በመቶኛ አልተደነገገም። ማዕከሉ ቢሮና ሆቴል ብቻ ከሆነ ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማታ ወደ ሌላው ይጎርፋል፤ አውቶቡሶቹም በአንድ በኩል ታጭቀው በሌላው ባዶ ይመለሳሉ።

በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መሸጋገሩ ጭስንም ለነዳጅ የሚወጣ ምንዛሬንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በመገናኛ ማሳለጫ ላይ የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና በናፍጣ ከሚሠራው ያነሰ ቦታ አይዝም፤ የመንገድ ስፋት ጥያቄ በሞተር ዓይነት አይፈታም።

በሥራ ላይ ያለው መዋቅራዊ ፕላን በ2027 ዘመኑ ያበቃል፤ ቀጣዩ ፕላን ሲዘጋጅ ቅንጅቱ ሊፈተሽበት የሚችል አንድ ግልጽ ቦታ አለ። በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ ከዊንጌት እስከ ጀሞ የታቀደውና ለዓመታት የዘገየው የፈጣን አውቶቡስ መስመር መድረሻው በኮንዶሚኒየም የተሞላ፣ ነዋሪው ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ሰፈር ነው። ጀሞን በተመለከተ ማድረግ የሚቻለው መዘግየቱን ማካካስ ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ በሚገኙት ፌርማታዎች አጠገብ ያለው መሬት ግን ገና ያልተወሰነበት ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ፌርማታ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ዙሪያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከራዩ ቤቶች ድርሻ በሊዝ ውሉ ላይ በግዴታነት ሊጻፍ ይችላል፤ ከአካባቢው የሚነሣ ነዋሪ እዚያው መልሶ የሚሰፍርበት ሕንፃ መስመሩ ሳይመረቅ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ከሊዝ ሽያጩ የተገኘው ጭማሪም ለአውቶቡሶቹ ጥገና በተለየ ሒሳብ ሊቀመጥ ይችላል። ለእነዚህ ለሦስቱ አዲስ ሕግ ማውጣት ከሚያስፈልገው ይልቅ፣ የመሬቱ፣ የቤቱና የትራንስፖርቱ ኃላፊዎች የመጀመሪያው ጨረታ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ውል ላይ መፈራረማቸው ያስፈልጋል።